አሮጌው ኮምፒውተር ዲስኩን አላይም ሲል፦ ጥያቄና መልስ

በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚያጋጥም የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ችግር የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲነጋገር የሚያስችለው ፕሮግራም ነው፤ መቆጣጠሪያ የምለው ደግሞ ዲስኩን የሚያዘውን የማዘርቦርድ ክፍል ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዲስኩ ላይ የማይተካ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ካለ፣ ነቅላችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ቅጂ አውጡ። ድራይቨር ስለጎደለ ብቻ ፋይል አይጠፋም። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው ተቻኩሎ ፎርማት ሲያደርግ ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ኤክስፒ ልጭን ስሞክር ሃርድ ዲስክ አልተገኘም ይለኛል። ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው ባዮስ ውስጥ ግን ዲስኩ በስሙ ይታያል። ዲስኩ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ ባዮስ በስሙ ካየው ዲስኩ ሞቷል ለማለት ገና ነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ኤኤችሲአይ የሚባለው የሳታ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር) አሠራር ገና አልነበረም፤ ስለዚህ የመጫኛ ሲዲው ውስጥ ድራይቨሩ የለም። ቀላሉ መንገድ ባዮስ ውስጥ ገብተው የሳታውን አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ቀድሞው አሠራር፣ ወደ አይዲኢ መቀየር ነው። ሁለተኛው መንገድ መጫን እንደጀመረ ኤፍ6ን ተጭነው ድራይቨሩን መስጠት ነው፤ ጫኚው ግን የሚቀበለው ከፍሎፒ ብቻ ነው። ፍሎፒ ከሌለዎት እንደ ኤንላይት ባለ ፕሮግራም ድራይቨሩን ከመጫኛ ሲዲው ጋር አዋህደው አዲስ ሲዲ መጻፍ ይችላሉ። አንድ የሚሽከረከር ዲስክ ብቻ ላለው አሮጌ ኮምፒውተር እኔ አይዲኢን እመርጣለሁ፤ ከዲስኩ ፍጥነት የሚያጡት እምብዛም ነው።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ደህና ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን ያጠፋል። የስህተቱ ቁጥር በ7ቢ ያልቃል።

መልስ፦ ቁጥሩ የሚለው ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ መድረስ አልቻለም ነው። ሰዓቱንና ቀኑን ይመልከቱ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ፣ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው ሲያልቅ ባዮስ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል፤ የሳታው አሠራርም አብሮ ይቀየራል። ባትሪውን ይተኩ፣ አሠራሩን ወደነበረበት ይመልሱ። እባክዎ ይህን ሳይሞክሩ ዊንዶውስን እንደገና አይጫኑ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዊንዶውስ 7ን በአይዲኢ ጭኜ ነበር። አሁን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) ስለገዛሁ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ፈልጌያለሁ። እንደገና መጫን ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ባዮሱን ከመንካትህ በፊት ሬጅስትሪውን (ዊንዶውስ ምርጫዎቹን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ) ክፈትና ከሰርቪሶቹ መካከል ኤምኤስኤኤችሲአይ የሚለውን ፈልግ። በውስጡ ያለውን የማስጀመሪያ ዋጋ ከ3 ወደ 0 ለውጥ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታስነሳ ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይን ምረጥ። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ ይጭንና አንድ ጊዜ እንደገና እንድታስነሳው ይጠይቅሃል። ባዮሱን ካስቀደምህ የምታገኘው ያንኑ የ7ቢ ሰማያዊ ገጽ ነው፤ ቢሆንም ወደ አይዲኢ መልሰህ ከመጀመሪያው መጀመር ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ኤክስፒ ያለው ኮምፒውተሬ ፋይል ሲገለብጥ ማውሱ እንኳ ይንቀረፈፋል። ድራይቨሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚደክምበት ችግር ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ዲስክ በጤናው የሚሠራው ዲኤምኤ በተባለው መንገድ ነው፤ መረጃው በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ማህደረ ትውስታ ይገባል። ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስህተት ሲደጋገምበት ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ይቀንስና በመጨረሻ ፒአይኦ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን መረጃ የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ፍጥነቱም ቢበዛ በሴኮንድ 16.6 ሜጋባይት ይሆናል። ማውሱ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች በሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የመጀመሪያውን የአይዲኢ መስመር ከፍተው አሁን በምን መንገድ እየሠራ እንደሆነ ያንብቡ። ፒአይኦ ካለ መስመሩን ከዝርዝሩ ሰርዘው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ፤ ዊንዶውስ አዲስ አድርጎ ይመዘግበዋል። ይሁንና ስህተቱን ያመጣው ምክንያት ካልተወገደ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል። ጠፍጣፋውን ኬብል ይዩት። 40 ሽቦ ያለው በሴኮንድ ከ33 ሜጋባይት በላይ አይሄድም፤ ከዚያ ለሚፈጥን ዲስክ ቀጫጭን ሽቦዎች የተደረደሩበት ባለ 80 ሽቦው ያስፈልጋል። የዚህ ኬብል ሰማያዊ ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ ዋናው ዲስክ ላይ ይሰካል። ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን የጤና መዝገብ (ስማርት የሚባለውን) ያንብቡ፦ በኬብሉ ሲያልፍ የተበላሸ መረጃን የሚቆጥረው 199ኛው መለኪያ እየጨመረ ከሄደ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

ጥያቄ፦ 500 ጊጋባይት ዲስክ ገጠምኩ፣ ኤክስፒ ግን 128 ብቻ ያሳያል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ኤክስፒ የዲስክ አድራሻ የሚቆጥረው በ28 ቢት ነው፤ ጣሪያው እዚያ ላይ ያበቃል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሰርቪስ ፓክ (የማሻሻያ ጥቅል) ይጫኑ። ከዚያ በፊት ግን በትልቁ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፉ፣ ያለው መረጃ ሊበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ መቆጣጠሪያው ላይ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት አለ። ትክክለኛውን ድራይቨር እንዴት ልለይ?

መልስ፦ የዕቃውን መለያ ቁጥር ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካለው ዝርዝር መረጃው ያንብቡ። የመጀመሪያው ክፍል አምራቹን ይናገራል፦ 8086 ኢንቴል፣ 1106 ቪአይኤ፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሞዴሉን ይለያል። ሁለቱን ይዘው ከኮምፒውተሩ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ያውርዱ። ድራይቨር ፈላጊ ነን የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም፤ ብዙዎቹ ያልተጠየቁትን ጭነው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የድራይቨር ይሁን የዲስክ በአንድ ሙከራ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ሊኑክስን በፍላሽ ላይ ጽፈው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑት ከፍላሹ ያስነሱት። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የአብዛኛውን አሮጌ መቆጣጠሪያ ድራይቨር በውስጡ ይዟል። ትላልቅ ፋይሎች ያለ ችግር ከተነበቡ ዲስኩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የሚፈለገው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። እዚያም የንባብ ስህተት ካሳየ ድራይቨር መፈለጉን ትተው ቅጂ ወደ ማውጣት ይሂዱ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ምንም ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ያጥፉት።