«ጓድ» የሚልሽ አሳታሚ ውል ሲልክልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሰው የጻፈው መሰለኝ። የመጀመሪያ መጽሐፍሽን ጨርሰሻል፣ የሚያውቅሽ የለም፣ ፖለቲካሽ ደግሞ ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዝም ሲሉሽ አንድ ትንሽ የግራ አሳታሚ «ረቂቁን ወደነዋል፣ ውል እንልክልሻለን» ብሎሻል። ልፈርም ወይስ በራሴ ላሳትም ነው ያልሽው። ፈርሚ፤ ግን እንደመጣ አይደለም። ስለ ሽፋንና ስለ ፊደል መጠን ሌሎች ይነግሩሻል፣ እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. ከትልልቆቹ መልስ መጠበቁን ተይው። አብዛኞቹ ያለ ወኪል (ደራሲን ወክሎ ከአሳታሚ ጋር የሚደራደር ሰው) የመጣ ረቂቅ አይከፍቱም፣ ወኪሉ ደግሞ ስም ያለው ሰው ነው የሚፈልገው። ስለዚህ «ሐሳቤን ፈርተው ነው» እያልሽ አትጽናኚ፤ ሐሳብሽ ጋ ገና አልደረሱም። ፍርሃት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል ስም ካወጣ በኋላ እንኳ በስታሊን ሥርዓት የተሳለቀበትን የእንስሳቱን ተረት፣ «አኒማል ፋርም»ን፣ አሳታሚው ጎላንዝ አልፈልግም አለው፣ ሌላው አሳታሚ ጆናታን ኬፕ ሊያሳትም ከተስማማ በኋላ የአንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ምክር ሰምቶ ሸሸ፣ ፌበርም መለሰው። ሶቪየት ኅብረት ያኔ የእንግሊዝ የጦር አጋር ነበረቻ! በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1945 ሴከር ኤንድ ዋርበርግ አወጣው።

2. ሙሉ ረቂቅ በጅምላ አትበትኚ። ልብ ወለድ ካልሆነ በቀር የሚፈለገው አጭር ማብራሪያ፣ የምዕራፎቹ ዝርዝር፣ አንድ ሁለት ናሙና ምዕራፍና ማን ይገዛዋል ለሚለው የማያፍር መልስ ነው። «ሁሉም ሰው» መልስ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ብለው የተቋቋሙ አሳታሚዎች አሉ፤ ፕሉቶ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ፣ ቬርሶ ከ1970 ጀምሮ (ያኔ ስሙ ኒው ሌፍት ቡክስ ነበር)፣ ሄይማርኬት ከ2001 ጀምሮ እየሠሩ ነው። ያወጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ሳታዪ «እስከ ዛሬ ማንም ያልጻፈው» ብለሽ ደብዳቤ ከጀመርሽ አበቃልሽ፤ ባለፈው ዓመት እነሱ ራሳቸው አውጥተውት ሊሆን ይችላል።

3. ውሉ። እዚህ ላይ ቁጭ በይና አንብቢኝ።

የእኔ መጽሐፍ ስለ መጋዘን ሠራተኞች ነው፤ ስለሚሰበረው ወገብ፣ ስለሚደበቀው የጉዳት መዝገብ፣ መጨረሻው ላይም መጋዘኖቹን ሠራተኞቹ ይረከቧቸው የሚል። የተቀበለኝ አሳታሚ ስሙን አልጠራም። ግድግዳው ሁሉ የአድማ ፖስተር ነው፣ ደብዳቤው ሁሉ «ጓድ» ብሎ ይጀምራል። ውሉ ሲመጣ ረቂቁን የማስረክብበት ቀን በደማቁ ተጽፏል፤ እነሱ መጽሐፉን የሚያወጡበት ቀን ግን የትም የለም። ስጠይቅ አርታኢው ሳቀና «እኛ እኮ ካፒታሊስቶች አይደለንም፣ በመተማመን ነው የምንሠራው» አለኝ።

ከዚያ ረቂቁ ወደ ጠበቃቸው ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ በየስሙ ጎን ቀይ ጥያቄ ምልክት አለ። «ምንጭ?» «እርግጠኛ ነህ?» እሺ፣ ይህ ሥራቸው ነው፣ አልቀየምም። አንድ ገጽ ላይ ግን የኩባንያውን ባለቤት ስም ከነማዕረጉ ሰርዘው «አንዳንድ ባለሀብቶች» ብለው ተክተውታል። አንዳንድ ባለሀብቶች! ሰውየው የፈረመበት ሰነድ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ መዝገቡ ማንም የሚያየው ሆኖ ሳለ! ለእያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ምንጩን፣ ገጹንና ቅጂው የት እንዳለ የያዘ ሰንጠረዥ ነበረኝ፤ ላክሁላቸው። የመለሰልኝ ያው አርታኢ ነው፤ «ጓድ፣ ሰነድህ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜው አይደለም»።

ጊዜው መቼ ነው? አይታወቅም። ለሌላ ልስጠው ስል መብቱ የእነሱ ነው። አውጡት ስል የሚያስገድዳቸው ቀን የለም። ቢሯቸው ድረስ ሄጄ በራፍ ላይ ቆሜ፣ ያ በስብሰባ ላይ ስለ ሠራተኛ ክብር የሚያለቅስ ሰው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ኢሜይል ላክ» አለኝ። ረቂቄ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እንደታሰረ ሰው ነበር፤ አይፈረድበት፣ አይፈታ።

ስለዚህ ውሉ ላይ ይህን አስጽፊ፤ ረቂቁን ከተቀበሉ በ12 ወይም በ18 ወር ውስጥ ካላወጡት መብቱ ያለ ክርክር ወደ አንቺ ይመለሳል፣ የተከፈለሽም ካለ አትመልሺም። ሌላም አለ። «ገበያ ላይ ከጠፋ መብቱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ዛሬ ባዶ ነው፤ በትዕዛዝ አንድ አንድ ቅጂ እየታተመ፣ በኢመጽሐፍም እየተሸጠ «አልጠፋም» ይሉሻል። በዓመት ከዚህ ያህል ቅጂ በታች ከተሸጠ ብለሽ በቁጥር አስቀምጪው።

4. የኃላፊነት አንቀጹ ከዚሁ ጋር ነው። «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፣ የማንንም ስም አያጠፋም፣ ክስ ከመጣ ወጪውን ሁሉ ደራሲው ይሸፍናል» የሚል አለ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቢፈርመው ምንም አይደል፤ አንቺ ሰው በስም እየጠራሽ ከሆነ ግን ቤትሽን ነው የምታስይዢው። በእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ በስም ማጥፋት ክስ የጻፈው እውነት መሆኑን የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው፣ ሀብታም ሰው ባይረታ እንኳ በጠበቃ ወጪ ያደቅሻል። ጥፋቱ በፍርድ ቤት የመጨረሻ ውሳኔ ሲረጋገጥ ብቻ፣ ከመጽሐፉ ካገኘሁት ገንዘብ ሳያልፍ እከፍላለሁ በይ። የክስ መድን ካላቸው አንቺም በስም እንድትካተቺ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ጠበቃው አንዳንዱን ስም ለምን እንደሚፈራው ያኔ ይገባሻል፣ አደጋውን አንቺ እንድትሸከሚው ነው የሚፈልጉት።

ብቻ የእኔ ነገር እንዴት አለቀ መሰለሽ፣ ያንኑ ቀይ የበዛበትን ምዕራፍ አሳጥሬ ለአንድ ትንሽ መጽሔት ሰጠሁት። (ውሉ የመጽሔት መብቱን ለእኔ ትቶት ነበር፤ ይህችን አንቀጽ አስገቡልኝ ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እኮራለሁ።) ስሙ ከነማዕረጉ ወጣ፣ የከሰሰም የለም። የመጋዘን ሠራተኞች በፒዲኤፍ እየተቀባበሉ አነበቡት። ጽሑፉን አይቶ የጻፈልኝ ሌላ አሳታሚ ነው መጽሐፉን ዛሬ ያወጣው፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል የሚሠሩበት፣ «ጓድ» ብለው የማያውቁ፣ ሒሳብ ግን በቀኑ የሚልኩ። የመጀመሪያዎቹ መብቱን የለቀቁት ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው፣ እሱንም «በመልካም ፈቃድ» ብለው።

በራሴ ላሳትም ያልሽው ክፉ አይደለም፤ ግን የመለያ ቁጥሩን (አይኤስቢኤን) ራስሽ አውጪ። በነፃ የሚሰጥሽ ድርጅት በመዝገብ ላይ አሳታሚ ሆኖ የሚቀመጠው እሱ ነው። የተቀናበረውን ፋይልም እጅሽ ላይ አቆዪ። «እናሳትምልሻለን፣ ወጪውን አንቺ ቻይ» የሚል ከመጣ ደግሞ እሱ አሳታሚ አይደለም፣ ደንበኛ ፈላጊ ነው፤ ማተሚያ ቤት ሄደሽ ራስሽ ብታሳትሚ ይረክስልሻል።

ውሉ ሲደርስሽ ስሞቹን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ የሚወጣበትን ቀን፣ የመብት መመለሻውንና የክሱን አንቀጽ አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ «ቶሎ ፈርሚ፣ የኅትመት ወረፋው ያልፍሻል» ቢሉሽ እያነበብኩት ነው በያቸው።