ከዝመናው በኋላ መግባት ላቃታቸው ጠያቂ
ጤና ይስጥልኝ። ድረ ገጹ ከታደሰ ወዲህ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ቢያስገቡም ወደ መግቢያው ገጽ እየመለሰ እንዳስቸገረዎት ከኮምቦልቻ ጽፈዋል። እንዲህ ያለው መመላለስ በአብዛኛው የሚመጣው የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ሳይሆን፣ አሳሹ (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም) ከዝመናው በፊት ያስቀመጠውን ኩኪ (ድረ ገጹ እርስዎን የሚያስታውስበት ትንሽ መረጃ) አዲሱ ሥርዓት ስለማይቀበለው ነው። በቅድሚያ በግል መስኮት (የቀድሞ ኩኪዎችን በማይጠቀመው፣ Incognito ወይም Private በሚባለው የአሳሹ መስኮት) ይሞክሩ፤ ከተሳካ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪዎች ብቻ ያጥፉ፤ ሁሉንም ከጠረጉ ግን ከሌሎች ገጾችም ይወጣሉ።

እምቢ የሚለው ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ የሚጠየቁት፣ በስልክዎ የማረጋገጫ መተግበሪያ ላይ የሚወጣው ኮድ ከሆነ ሰዓቱን ይመልከቱ። ኮዱ በተለምዶ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው የስልኩን ሰዓት ተከትሎ ነው፤ እኛም ደሴ ውስጥ በብዙዎች ስልክ እንደምናየው ሰዓቱን በእጅዎ በአገራችን አቆጣጠር ሞልተውት ከሆነ፣ በ6 ሰዓት ስለሚዛነፍ ኮዱ ሁልጊዜ ውድቅ ይሆናል። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት።