የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ለሚቃጠልብህ፦ 40 እንዳታስገባ

ወንድሜ፣ ከጅማ አጋሮ በምትሠራበት ሚኒባስ ላይ አምፕሊፋየሩ 30 አምፔር ፊውዝ እያቃጠለ አስቸግሮህ «40 ላስገባበት ወይ?» ብለሃል። እባክህ እንዳታደርገው። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦውን ሊያድን ነው፤ ብታሳድገው የሚግለው ሽቦው ይሆናል፣ ከኋላህ ደግሞ ሰው ጭነሃል።

መቼ እንደሚቃጠል አልጻፍክም፤ ትልቁ ፍንጭ ግን እሱ ነው። ድምፅ ስትጨምር ብቻ ከሆነ ስፒከሮቹን እይ። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ሲታሰር 2 ኦም ይሆናል፤ ኦሙ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይሳባል፤ ብዙ አምፕሊፋየር ደግሞ በብሪጅ (ሁለቱ ቻናል እንደ አንድ ተጣምሮ) ሲታሰር ከ4 ኦም በታች አይችልም።

ገና ፖዘቲቩን ስታስነካ ከሆነ የስፒከሩን፣ የቴፑንና የሪሞቱን (አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳውን) ገመድ በሙሉ ንቀል፣ ፖዘቲቭና ማሳ (ኔጌቲቩ) ብቻ ይቅሩ። ፊውዝ ከምታባክን በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል እሰርበት። ብልጭ ብሎ ከጠፋ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ነው፣ ችግር የለውም። ቦግ ብሎ ከቀረ መጀመሪያ ፖዘቲቭና ማሳው እንዳልተገለባበጡ አረጋግጥ። ካልተገለባበጡ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ሾርት አድርገዋል፤ ኤሌክትሮኒክስ ለሚጠግን ሰው ስጠው።

መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ግን አምፕሊፋየሩን ተወውና ሽቦውን ከባትሪው ጀምረህ በእጅህ ተከተል። የእኔ መኪና ሽቦ ወንበር ሥር ተጨፍልቆ፣ ልባሱ ተልጦ ቦዲ ሲነካ ነበር የተገኘው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ከሌለህም ዛሬውኑ አስገባ፣ ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ።