መልስ፦ ያመለጠው ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል
እህቴ፣ የልጅሽ የ10 ሳምንት ክትባት ስላለፈ "እንደ አዲስ ይጀመራል ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። አይጀመርም። ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ነገ ጠዋት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ።

እኔም የመጀመሪያ ልጄን በ6 ሳምንቱ አስከትቤ ሌሊቱን ሙሉ አተኮሰው። ፈራሁና ቀጣዩን ቀጠሮ አሳለፍኩት። ጤና ጣቢያ ስመለስ አንዷ ነርስ ሰው ፊት ተቆጣችኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ እናት ተሸማቅቃ ብትቀር የሚጎዳው ልጁ ነዋ! ሌላዋ ግን አረፍ በይ ብላ አስረዳችኝ። ከፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን ከሚከላከለው ክትባት) በኋላ ትኩሳት የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። በሁለቱ ዙሮች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት እንጂ መዘግየቱ የቀደመውን አያበላሸውም።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባቱ በነጻ ነው። ቀለል ያለ ጉንፋን ቢኖረውም ይከተባል። ትኩሳቱ ከበረታ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳታሳድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው። የኩፍኙን የ9 ወርና የ15 ወር ቀጠሮ ደግሞ ከአሁኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው።