ጥያቄና መልስ፦ ጥንድ ኮከቦችን በርቀት መለየት

ጥያቄ፦ የ61 ሲግኒ ሁለት ኮከቦች ፓራላክስ (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ የሚያሳየው የቦታ ለውጥ፤ ርቀት ይለካበታል) በጋያ የጠፈር ቴሌስኮፕ 286 ሚሊአርክሰከንድ ነው (አርክሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ነው፤ ሚሊአርክሰከንድ የዚያ ሺኛ)። ፕሮፐር ሞሽናቸው (በሰማይ ላይ በየዓመቱ የሚሄዱት) ግን በዓመት 110 ሚሊአርክሰከንድ ይለያያል። በስበት የተሳሰሩ ጥንድ ናቸው ወይስ በአጋጣሚ በአንድ አቅጣጫ የታዩ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱን ወደ ፍጥነት ሳትቀይር አትፍረድ። 110ን ወደ ኪሎ ሜትር በሰከንድ በሚቀይረው 4.74 አባዛ፣ ለ286 አካፍል፤ በሰከንድ 1.8 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ቀጥሎ ክፍተቱ፦ 31.5 አርክሰከንድ በርቀታቸው፣ በ3.5 ፓርሴክ (አንዱ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) ሲባዛ 110 ገደማ ነው፤ መለኪያው የምድርና የፀሐይ ርቀት ነው። የሁለቱ ክብደት ተደምሮ 1.3 ፀሐይ ያህል ስለሆነ፣ 1.3ን ለ110 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን በ42.1 (በምድር ርቀት ላይ ከፀሐይ ስበት ማምለጫው ፍጥነት) ስታባዛ የማምለጫው ፍጥነት በሰከንድ 4.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 1.8 ከዚያ በታች ነው፤ በስበት ተሳስረዋል። የፕሮፐር ሞሽኑ ልዩነት የጎላው ለእኛ ቅርብ ስለሆኑ ነው። የሚታየው ክፍተት ሊኖር ከሚችለው ትንሹ ስለሆነ፣ 4.6 ጣሪያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፕሮፐር ሞሽኑን ልዩነት በራይት አሴንሽን (በምሥራቅ-ምዕራብ) እና በዲክሊኔሽን (በሰሜን-ደቡብ) ለየብቻ ቀንሱ። ጠቅላላ መጠኑን ብቻ ከቀነሳችሁ አቅጣጫው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እኔ ጋ ያሉት ሁለት ኮከቦች ፓራላክስ 10.02 እና 9.98 ሚሊአርክሰከንድ ነው። ጥንድ ናቸው አይደል?

መልስ፦ የልኬቱ ስሕተት የታለ? ያለ ስሕተት ቁጥር አታምጡ። እያንዳንዱ 0.02 ነው ብንል፣ ጥምሩ 0.028 ነው፤ ልዩነቱ የዚያ 1.4 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ፓራላክሱ አይቃወምም። አያረጋግጥም ግን! በ100 ፓርሴክ 0.02 ማለት 0.2 ፓርሴክ ነው፤ የምድርና የፀሐይ ርቀት 41,000 ጊዜ። ፓራላክስ ጥንድ ያልሆኑትን ይጥላል እንጂ ጥንድነትን አያጸድቅም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ የጋያ ቁጥሮች ይበቃሉ።

አባል፦ አልቢሪዮ ግን (አንዱ ደማቅ ሌላው ደብዛዛ ሆነው የሚታዩት ሁለት ኮከቦች) ጥንድ መሆኑ የታወቀ ነው።

ሌላ አባል፦ የጋያን ፓራላክስ እየው እንጂ፣ የሁለቱ አይገጥምም። አጋጣሚ ነው።

አባል፦ የደማቁን የፓራላክስ ስሕተትስ አይተኸዋል? ከደብዛዛው በብዙ ይበልጣል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ደማቁ ራሱ 0.4 አርክሰከንድ ያህል የሚርቅ ጓደኛ አለው፤ ጋያ ግን እንደ ነጠላ ኮከብ ነው ያሰላው። ድምቀቱም ለመሣሪያው ከባድ ነው። በዚያ ቁጥር ወደየትም አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ ሩዌ (RUWE፤ የጋያ ልኬት ከነጠላ ኮከብ ስሌት ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳይ ቁጥር፣ 1 ገደማ ጥሩ ነው) 2.1 ከሆነስ?

መልስ፦ ከ1.4 በላይ ከሆነ የተጻፈውን ስሕተት አትመኑ። የተደበቀ ሦስተኛ ኮከብ ፕሮፐር ሞሽኑንም ያዛባል።

ጥያቄ፦ ፓራላክሳቸው እኩል ከሆነ ግን ጥንድ ናቸው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ በዓይን የሚለዩት የአልፋ ካፕሪኮርኒ ሁለቱ ኮከቦችስ?

መልስ፦ አጋጣሚ። አንዱ 105 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ሌላው ብዙ መቶ።