ፊርማና ፈቃድ

ለወጣት አንባቢዎቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በሕግ ሙያ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የቤተሰብና የሥራ ክርክር ይዤ ፍርድ ቤት ስመላለስ ኖርኩ። ኋላ ላይ የሆስፒታል የሕግ አማካሪ ሆንኩ። ቤት፣ መሥሪያ ቤትና ሆስፒታል የማይገናኙ ይመስላሉ። እኔ ግን በሦስቱም ያየሁት ጉዳት አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ፈርሟል፤ አልፈቀደም። ወይም ሌላ ሰው ፈርሞለታል፤ እሱን የጠየቀው የለም።

ከቤት ልጀምር። ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን ከባድ ፊርማ የምትፈርሙት ለምትወዱት ሰው ነው። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ሊበደር ነው፤ ዋስ ሁኑኝ ይላል። «ለፎርማሊቲ ነው» ይባላል። ዋስትና ፎርማሊቲ ሆኖ አያውቅም። ተበዳሪው ካልከፈለ አበዳሪው ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ገንዘብ እኔ ብከፍለው ኑሮዬ ይናጋል ወይ? የሚናጋ ከሆነ፣ እንቢ በሉ። አቅማችሁ የፈቀደውን በእጁ ስጡት፤ ዋስ ግን አትሁኑ። እንቢታው ለአንድ ሳምንት ያስኮርፋል። በዕዳ ምክንያት የተለያዩ ወንድማማቾች ግን ለዓመታት ሳይነጋገሩ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ጋብቻም ፈቃድ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 16 ላይ ጋብቻ የሚፈጸመው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። ዝምታ ስምምነት ነው የሚባለውን አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ አትመኑት። ፍርድ ቤት የቆሙ ሴቶች «አልፈለግኩም፣ ግን የጠየቀኝ አልነበረም» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወደ ሥራ ስንመጣ፣ ወጣት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚያጣው ጊዜ ነው። ወረቀት ይቀርብለታል፣ አለቃው ፊቱ ቆሟል፣ «ቶሎ በል» ይባላል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ተከቦ የሥራ መልቀቂያውን ራሱ ጽፎ ፈረመ። በኋላ ተገዶ እንደፈረመ ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብን። ምንም ሰነድ ሲቀርብላችሁ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ከፊርማችሁ አጠገብ ቀኑን በራሳችሁ እጅ ጻፉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሳችሁና ካልተስማማችሁበት፣ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብላችሁ ፈርሙ። ቅጂም ያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት አባቶች ይህንን ያውቁ ነበር።

ተለማማጅ ነኝ፣ ገና ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ መብት የለኝም አትበሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትንና ትንኮሳን ሲከለክል ተለማማጆችን፣ በጎ ፈቃደኞችንና ሥራ ፈላጊዎችን በስም ጠቅሶ ነው።

የሌላውን ሰው ፈቃድ የሚጥስ ሥራ ላይ ብትደርሱስ? እዚህ ላይ ሁልጊዜ የማነሳው ፒተር ባክስተን የተባለ አሜሪካዊ አለ። የአገሩ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ወጣት ሠራተኛ ነበር። ከ1932 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በአላባማ ተስኪጊ በተባለ ቦታ 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ይከታተል ነበር። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታቸው በትክክል አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ የታወቀ መድኃኒት ሲሆን እንኳ አልተሰጣቸውም። ባክስተን በ1966 ተቃውሞውን በደብዳቤ አቀረበ። አልሰሙትም። በ1972 መረጃውን ለጋዜጠኛ ሰጠ፤ ጥናቱም ቆመ። ከደብዳቤው እስከዚያ ስድስት ዓመት ማለፉን ልብ በሉ። ትክክል መሆን ወዲያው አያሰማም። እሱ ግን መጀመሪያ በውስጥ ጠየቀ፣ በጽሑፍ ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውጭ የወጣው። ይህ ቅደም ተከተል ዛሬም ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልግባ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በ1908 ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባለች ታካሚ በሰመመን ውስጥ ሆና እንድትመረመር ብቻ ተስማማች። ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብላ ነበር። ስትነቃ ሆዷ ውስጥ የነበረው ዕጢ ወጥቷል። ክሱን አላሸነፈችም። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ በ1914 የጻፉት ቃል ግን ከክሱ በላይ ዕድሜ አገኘ፦ አእምሮው ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ምን እንደሚደረግ የመወሰን መብት አለው። ዛሬ ሆስፒታል የሚሰጣችሁ የስምምነት ቅጽ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው። ቅጹ ግን ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃድ ተጠየቀ ለማለት የሚቀመጥ ማስረጃ ነው። ፈቃዱ ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው። ምን ሊደረግ ነው? አደጋው ምንድን ነው? ሌላ አማራጭ አለ? ባይደረግስ? እነዚህን አራቱን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ጠይቁ።

ለታካሚው አለመናገር ለረጅም ዘመን የደግነት ምልክት ነበር። በ1961 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶዎቹ ካንሰር መሆኑን ለታካሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ እንዲህ ተገለበጠ። ቤተሰብ ግን እንደ ሐኪሙ ቶሎ አልተለወጠም። እኔም አልተለወጥኩም ነበር።

አባቴ ሲታመም ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጎትቼ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ የማውቅ የሕግ ባለሙያ። ሐኪሙ እንቢ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ቅጹን እኔ ፈረምኩ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ «ምንድን ነው የፈረምሽው?» አለኝ። «ተራ ምርመራ ነው» አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። አስተዳዳሪና ሒሳብ አዋቂ፣ ሰነድ ሳያነብ ፈርሞ የማያውቅ ሰው ነበር።

ካረፈ በኋላ ትንሽ ማስታወሻ ደብተሩን አገኘሁ። የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ ገልብጦ ጽፎታል። ከሥሩ መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ እንደሚሰጥ ጽፏል። ቀኑ እኔ ከዋሸሁት አራት ቀን በኋላ ነው። ያን ሁሉ ወር ያውቅ ነበር። የሚያወራው ሰው ግን አልነበረውም፤ እኔ በሩን ዘግቼበት ነበር።

እርግጥ ማወቅ የማይፈልግ ታካሚ አለ። እሱም መብቱ ነው። ያንን የሚወስነው ግን ራሱ እንጂ ልጁ አይደለችም። «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ? ለማን ይነገርልህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያንን አንድ ደቂቃ ፈራሁ።

ወላጆቻችሁን በጤናቸው ጊዜ ጠይቋቸው። መናገር ቢያቅታቸው ማን እንዲወስንላቸው ይፈልጋሉ? ምን ዓይነት ሕክምና አይፈልጉም? በብዙ አገሮች ሕግ ተራ ውክልና ወካዩ አእምሮውን ሲስት ይቀራል። ስለዚህ የአገራችሁን ሕግ ከባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ለጤና የሚያገለግል ሰነድ ካለ በጊዜ አዘጋጁ። ወሬው መጀመሪያ ያስጨንቃል። እናቴን ስጠይቃት ለካ መልሱን ከኔ በፊት አዘጋጅታ ነበር።

የራሴንም ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ናት። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ሰጠኋት፤ ቁጭ ብላ ሁለቴ አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ አልተስማማችም፤ በእርሳስ አስምራበታለች። እሑድ ልትመጣ ነው፤ እሱን መስመር እንነጋገርበታለን።