ሌብነት ከዘር ይመጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። 33 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ከገበሬ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የ9 ዓመቱ ልጄ ከአማቴ ፍራሽ ሥር የዕድር ብር አነሳ። 400 ብር ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር ለኳስ አዋጣበት፣ ለሁሉም ብስኩት ገዝቶ አካፈለ። የቀረውን 180 ብር ካልሲው ውስጥ አገኘንበት። ባለቤቴ ቡና ሊጠጡ በመጡ ጎረቤቶች ፊት «ሌባ!» እያለ ገረፈው። አማቴ «ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። ታናሽ ወንድሜ በስርቆት ታስሮ ያውቃል። ማታ ደግሞ ባለቤቴ «በእናንተ በኩል የመጣ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አናወራም። ልጁ ዝም ብሏል። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብለህ ጥራ ሲባል እንኳ እምቢ ይላል። ያን ቀን ሲያለቅስ ትንሿ እህቱ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ የያዘችውን ዳቦ አፉ ውስጥ ልትከትለት ስትታገል አይቼ እኔም አለቀስኩ። አንድ የሚከነክነኝ ነገርም አለ። ብር ሲያጥረኝ የዕቁብ ሰብሳቢዋ ስትመጣ «እማዬ የለችም በላት» እለዋለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሥነ ምግባር በደም ነው ወይስ በአስተዳደግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው ዳቦው ላይ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ያቺን ሕፃን «ላዘነ ሰው እዘኚ» ብሎ ያስተማራት የለም። ምክር የሚገባት ዕድሜ ላይም አይደለችም። ወንድሟ ሲያለቅስ እሷንም አስጨነቃት፣ በእጇ የነበረውን ሰጠች። ይህ ነገር ተጠንቷል። በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፊሊክስ ቫርነከን እና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች የ18 ወር ሕፃናት ፊት አንድ ሰው ልብስ ሲያሰጣ የልብስ መቆንጠጫው እንዲወድቅበት አደረጉ። ሰውየው እጁን ይዘረጋል፣ አይደርስበትም። እንደዚህ ያሉ የተለያዩ ሙከራዎች ነበሩ። ከ24ቱ ሕፃናት 22ቱ ቢያንስ በአንዱ ሄደው ረዱት። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም ከረሜላ አልሰጣቸውም።

ምክንያቱም የሰው ልጅ ብቻውን አድጎ አያውቅም። ሕፃኑ ለዓመታት ተሸካሚ ይፈልጋል፣ አራሷ የሚንከባከባት ትፈልጋለች፣ የታመመ አስታማሚ ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ ሺህ ዓመታት ውስጥ መተሳሰብ የሚችሉ ሰዎች ልጆቻቸው ተረፉላቸው። ዳርዊን ራሱ በ1871 ባሳተመው መጽሐፉ የኅሊናን መነሻ የፈለገው አብሮ ከመኖር ስሜት ውስጥ ነው። «አነሰኝ» የሚለው ቁጣም ቢሆን ከሰው አልፎ ይታያል። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ካፑቺን የተባሉ ትንንሽ ጦጣዎች ኪያር ተሰጥቷቸው ደስ ብሏቸው ይበሉ ነበር። ጎረቤታቸው ለተመሳሳይ ሥራ የወይን ፍሬ ሲሰጠው ሲያዩ ግን ኪያሩን አንቀበልም ማለት ጀመሩ።

እንግዲህ በደም የሚመጣ ነገር አለ። ማዘን፣ መቆጣት፣ ማፈር፣ በሰው ዘንድ መወደድን መፈለግ፣ እነዚህ ሁሉ መነሻቸው ተፈጥሮ ነው። ጠባይም በከፊል ይወረሳል። አንዱ ልጅ ችኩል ነው፣ አንዱ እርጋታ አለው። አማትሽ እስከዚህ ድረስ ቢሉ እስማማለሁ።

ሌብነት ግን አይወረስም። ዕድር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ዘረ መል የለም። ፍራሽ ሥር ያለው ብር የአያት እንደሆነ፣ አያትም ያን ብር ለቀብር ቀን ያስቀመጡት እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ከሰው የሚለመድ ነው። ደግሞስ በዘር ከተቆጠረ ልጁ ግማሹን የወሰደው ከአባቱ ነው። ከአጎቱ ጋር የሚጋራው በአማካይ ሩቡን ነው። ማንሳቱ ከአጎቱ ከመጣ ብስኩቱን ለሁሉም ማካፈሉስ ከማን መጣ? ይህን ባለቤትሽን በቀስታ ጠይቂው። ያው ልጅ በአንድ ከሰዓት ሁለቱንም አድርጓል። የ9 ዓመት ልጅ እንደዚህ ነው። አእምሯችን ፍላጎትን የሚገታበት ክፍል በደንብ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ባህል የት ይገባል? በ2015 በሰባት አገሮች ልጆች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እወዳለሁ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ምግብ ይደለደልላቸዋል፤ አንዱ ድልድሉን መቀበል ወይም እምቢ ማለት ይችላል። «ለእኔ አነሰ» ብሎ እምቢ ማለት በሰባቱም አገሮች ታየ። «ለእሱ አነሰ» ብሎ የራስን ትልቅ ድርሻ መተው ግን የታየው በሦስቱ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ፣ በካናዳ እና በኡጋንዳ፣ ያውም ከፍ ባሉት ልጆች። የመጀመሪያው በየትም ይበቅላል። ሁለተኛው እንደየአካባቢው ነው።

ጅማ ደግሞ በዚህ ድሃ አይደለችም። በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ አንዷ «ነውር ነው» ትላለች፣ አንዷ «ሐራም ነው» ትላለች፣ አንዷ በኦሮምኛ «ሰፉ» ትላለች። አሮጊቷ «ጡር አለው» ይሉበታል። ልጅሽ እነዚህን ቃላት ሲሰማ ነው ያደገው። ቃሉን ከሥራው ጋር የሚያያይዘው ግን ቤት ውስጥ በሚያየው ነው።

ስለዚህ የዕቁብ ሰብሳቢዋን ነገር ላንሳ። ራስሽ ስላነሳሽው አከብርሻለሁ። በ2014 የታተመ ጥናት ላይ አንድ አዋቂ ለልጆች «ወዲያኛው ክፍል ከረሜላ አለ» ብሎ ወሰዳቸው፤ አልነበረም፣ መዋሸቱንም ነገራቸው። ቀጥሎ «ይህን መጫወቻ ዞራችሁ እንዳታዩ» ብሎ ወጣ። የተዋሹት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካልተዋሹት ይልቅ ዞረው አዩ፣ አላየንም ብለውም ዋሹ። እና ልጅሽን በር ላይ ቆሞ «የለችም» እንዲል ስታደርጊው የምታስተምሪው አለ። ራስሽን አትግረፊበት። በሚቀጥለው ጊዜ ብር ከሌለሽ እሱ እየሰማ ውጪና «እህቴ፣ ዛሬ አልሞላልኝም፣ ሐሙስ ላምጣልሽ» በያት። ይከብዳል። ግን ልጁ እናቱ ያን ከባድ ነገር ስታደርግ ይይ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከብሩ ይልቅ «ሌባ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፣ ባለቤትሽም እሱን አስቦ ይሆናል። ዝም አለማለቱ ልክ ነው። ገና በእንቁላሉ ማረም ያስፈልጋል። ማረም እና ስም ማውጣት ግን ይለያያሉ። ጁን ታንግኒ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሁለት ስሜቶችን ስትለይ ኖራለች። አንዱ ጸጸት ነው፤ «መጥፎ ነገር አደረግሁ» ይላል፣ ሰውን ወደ ካሣ ይመራዋል። ሌላው ኀፍረት ነው፤ «እኔ መጥፎ ነኝ» ይላል፣ ሰውን ወደ መደበቅ፣ ወደ መካድ፣ ወደ ቁጣ ይነዳዋል። ልጅሽ ጎረቤት መጥራት እምቢ ያለው ግትር ሆኖ አይደለም። እነዚያ ሴቶች ዓይን ውስጥ ሌባ ሆኖ መታየቱን ፈርቶ ነው። «እንደ አጎትህ» ከተባለም ያምናል። ልጅ የወላጁን ቃል ያምናል።

የወንድምሽ ነገር ላንቺም ቁስል እንደሆነ ይገባኛል። እሱም አንድ ቀን የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ባለቤትሽን ልጆቹ ሲተኙ፣ ሳትጣሉ፣ እንዲህ በዪው፦ «ልጁ የሁለታችን ነው። ሲያጠፋም የሁለታችን ነው። የወንድሜን ስም እሱ በሚሰማበት አታንሳብኝ።» ከዚያ በላይ አትጨምሪ። አማትሽን ደግሞ እሱ ያናግራቸው፤ እናቱ ናቸው፣ ከእሱ ሲሰሙት ይቀላል።

ከልጁ ጋር የሚነጋገረውም አባቱ ቢሆን እመርጣለሁ፣ የገረፈው እሱ ስለሆነ። ለብቻቸው፣ ጀንፈሉ የተሰጣበት ቦታ ይቀመጡ። «በሰው ፊት ሌባ ማለቴ ልክ አልነበረም። አንተ ልጄ ነህ። ብሩን ማንሳትህ ግን ልክ አልነበረም» ይበለው። ሁለቱንም ይበል፣ አንዱን ብቻ አይበል። ቀጥሎ የአያቱን ነገር ይንገረው። ያ ብር ለምን እንደተቀመጠ፣ ዕድር ሳይከፈል ሲቀር አያት ምን እንደሚሰማቸው፣ ጎረቤት ሲሞትበት ዕድሩ ምን እንደሚያደርግ። ልጅን በሌላው ሰው ላይ የደረሰውን እያሳዩ ማስረዳት ከዱላ የበለጠ ይሠራል፤ ዱላ የሚያስተምረው አለመያዝን ነው።

ብሩን ራሱ ይመልስ። የጎደለውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ቡና እየለቀመ ይሙላ። ጥቁሩን ፍሬ፣ የተሰበረውን ፍሬ ይለይ፣ አባቱ ሒሳቡን ይያዝለት። ይህ ካሣ ነው። ደግ በሆነ ቁጥር ግን ብር አትስጡት። እነዚያው ቫርነከን እና ቶማሴሎ በ2008 እንዳሳዩት፣ ሲረዱ ስጦታ የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት ቆይቶ የመርዳት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ከውስጥ የሚመጣውን በክፍያ አትተኩበት።

ዝምታው ከዚህ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ከዘለቀ፣ ወይም እንቅልፍ ካጣ፣ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ውሰጂው።

አማትሽን አንድ ነገር ለምኚልኝ። ልጁ የመጨረሻውን ብር ይዞ ሲመጣ እዚያው ፊቱ አይቁጠሩት። ተቀብለው ፍራሹ ሥር፣ እዚያው በፊት የነበረበት ቦታ ያስቀምጡት። ከዚያ ቡና ይፈላ። ጎረቤት ሲጠራ የመጀመሪያውን ቀን አባቱ እጁን ይዞት ይሂድ፣ በር ላይ ሲደርሱ ግን «ቡና ጠጡ» የሚለውን ልጁ ራሱ ይበል።